«ያለፈው አለፈ» ለእርቅ አይበቃም፦ ሲዞር ለሰነበተው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለተቆራረጡ ዘመዳሞች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። ከላኩልኝ መካከል አንዷ ከእህቷ ጋር ከተነጋገረች ዓመታት አልፈዋል። «አንብቤው ሳለቅስ ዋልኩ» አለችኝ። ልቧ ተነክቶ መስሎኝ ነበር። ለካ ያስለቀሳት፣ ሳትጠየቅ ጥፋተኛ ተብላ የተፈረደባት ስለመሰላት ነው። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። መቆራረጥ የዚህ ዘመን ትዕቢት የወለደው በሽታ ነው፤ ጥፋተኛውም ጥሎ የሄደው ነው። ጊዜ ሁሉንም ስለሚፈውስ መታገስ ይበቃል። ለመታረቅ የቆየውን መቆስቆስ አያስፈልግም፤ «ያለፈው አለፈ» ብሎ ከዛሬ መጀመር ነው። ለዚህም ዮሴፍ ወንድሞቹን እንዴት እንደማረ ይጠቅሳሉ። ከልቡ ይቅር ያለ ሰው ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ይቅር አላለም። የሥጋ ዘመድን መቁረጥ በምንም ምክንያት ልክ ሊሆን አይችልም። እርቁን መጀመር ያለበት ደግሞ ታናሹ ነው። ሁሉንም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» በሚለው ተረት ያስሩታል።

ጸሐፊው ቅን ሰው ይመስሉኛል። ቤተሰብ ሲበተን ማየት አሟቸዋል፤ እኔንም ያመኛል። ሰው እንዲታረቅ በመፈለጋቸው ጠብ የለኝም። የማልስማማው ባሳዩት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የታረቀ ሰው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይጣላል ብዬ እፈራለሁ። ሁለተኛው ጠብ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ «ሞክረን አልሆነም» የሚል ማስረጃ ይዞ ይመጣልና።

ትዕቢት ከሚለው ልነሳ። በትዕቢት የሚቆራረጥ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ለአንዲት ክፉ ቃል ብሎ የአጎቱን ልጅ ብሎክ የሚያደርግ አለ። ቁጭ ብሎ መነጋገር ሲከብደው «መርዛማ ሰው» የሚል ስም ለጥፎ የሚሸሽም አለ። ይህን አልክድም። ግን የአንዳንዱን ሰው ታሪክ የሁሉም ማድረግ አይገባም።

ነገሩ ከምናስበው በላይ የተለመደ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ካርል ፒልመር ከ1,300 በላይ ጎልማሳ አሜሪካውያንን ጠይቀው ነበር። 27 በመቶዎቹ ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ግንኙነት እንዳቋረጡ ተናገሩ። ከአራት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ «ትዕቢተኛ» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዕድሜ የገፉ ከ500 በላይ እናቶችን ይዞ፣ ከልጅ ጋር የሚያቆራርጠው ምን እንደሆነ ፈትሿል። ብዙዎቻችን ሱስ ወይም ወንጀል ይሆናል ብለን እንገምታለን። ጎልቶ የወጣው ግን እናት የምታከብረውና ልጅ የሚያከብረው ነገር መለያየቱ ነው። እምነት፣ ትዳር፣ አኗኗር፤ እነዚህ ሰውን ሳይሰርቅና ሳይገድል ከእናቱ ያራርቁታል።

«ጥፋተኛው ጥሎ የሄደው ነው» የሚለው ደግሞ የመጨረሻዋን ቀን ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። አንድ ሰው አስቡ። በየሳምንቱ እናቱ ጋ ይደውላል። ሰላምታው ሳያልቅ የሚስቱ ነገር ይነሳል። «አሁንም ከእሷ ጋር ነህ?» ትለዋለች። «እማዬ፣ እባክሽ ስለ እሷ እንዲህ አትበይኝ» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው። መደወሉን በየወሩ አደረገው። ቆይቶ በዓመት አንዴ ሆነ። በመጨረሻ ተወው። ከውጭ ለሚያይ ሰው «እናቱን የረሳ ልጅ» ነው። ያ ሁሉ «እባክሽ» ግን አልተቆጠረለትም። እናቱንም ክፉ ናት አልልም። ልጄን ወሰደችብኝ ብላ ፈርታ ይሆናል። እሷም ብትጠየቅ የምትናገረው የራሷ ሕመም አላት። በር ዘግቶ የወጣውን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ሁለቱንም አልሰማም።

«ጊዜ ይፈውሳል» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው ተስፋ መስጠታቸው ደግ ነው፤ ተስፋው እውነትነት አለው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ተመልክቶ ነበር። ከእናታቸው ጋር ተራርቀው ከነበሩ ጎልማሳ ልጆች 81 በመቶው፣ ከአባታቸው ጋር ተራርቀው ከነበሩት ደግሞ 69 በመቶው በኋላ መልሰው ተገናኝተዋል። ይህን ቁጥር ዛሬ ተቆራርጦ «አበቃ፣ አለቀ» ለሚል ሰው ሁሉ ብነግረው ደስ ይለኛል። ሆኖም መገናኘታቸውን እንጂ ጊዜው ብቻውን እንዳገናኛቸው አይነግረንም።

ዝም ተብሎ የሚያልፍ ጊዜ የራሱ ሥራ አለው። ሁለቱም ወገን ታሪኩን ብቻውን ይጨርሰዋል። «አልደወለችም፤ ስለዚህ ንቃኛለች» ትላለች አንዷ። ሌላዋም ያንኑ ትላለች። ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ቁርጡ ያልታወቀ እጦት የሰውን ሐዘን እንደሚያንጠለጥለው ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል። የሞተ ሰው ይቀበራል፣ ይለቀስለታል። በሕይወት እያለ ለጠፋ ወንድም ግን መቼ ነው የሚለቀሰው? ዓመት በተጨመረ ቁጥር ስልኩን ማንሳት እየከበደ ይሄዳል፤ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ያድጋልና።

ወደ ዋናው ልምጣ። «ያለፈው አለፈ፤ አትቆስቁሰው።»

ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያልደረሰበት ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚመስል ነገር አሳይተዋል። ሰዎችን ሁለት ታሪክ አጻፏቸው፤ አንዱ ሰው ያስቆጣቸውን፣ ሌላው እነሱ ሰው ያስቆጡበትን። ተበድለው ሲጽፉ ነገሩ ከሩቅ የመጣ፣ ጉዳቱም እስከ ዛሬ ያልለቀቃቸው ነበር። በድለው ሲጽፉ ግን ያንድ ቀን ነገር፣ ምክንያት ያለው፣ ያለቀለት ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሁለቱን የጻፈው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ «ይሄማ ያለፈ ነገር ነው» ስንል ብዙ ጊዜ እየዋሸን አይደለም፤ ለእኛ በእርግጥ አልፏል። ለተበደለችው ግን ትናንት ማታ ነው።

ጽሑፉን የላከችልኝን ሴት ታሪክ በፈቃዷ ልንገራችሁ። እናታቸው ታመው አልጋ ያዙ። እሷ አብራቸው ኖረች፤ ሌሊት እየተነሳች ታገላብጣቸው፣ ታጥባቸው ነበር። እህቷ ከሩቅ ሆና ገንዘብ ላከች፤ ለዚያም ሁለት ሥራ ትሠራ ነበር። እናት ካረፉ በኋላ ሁለቱ ተጣሉ። «አንቺ በስልክ ነበርሽ» አለች አንዷ። «መድኃኒቱን ማን ገዛው?» አለች ሌላዋ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ዘመድ ተሰበሰበና «እህትማማቾች አይደላችሁ እንዴ? ያለፈው አለፈ፣ በሉ ተሳሳሙ» አላቸው። ተሳሳሙ። ተላቀሱ። ፎቶ ተነሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የእናታቸውን ዕቃ ሊከፋፈሉ ሲቀመጡ አንዲት ቃል አመለጠች፤ «አንቺ መቼም ሁሉን በገንዘብ ነው የምትለኪው»። ያን ቀን የተጀመረው ዝምታ እስከ ዛሬ አለ።

ምን ጎድሎ ነበር? ፍቅር አልጎደለም፤ እንባው የውሸት አልነበረም። አንዷ «ያን ሁሉ ሌሊት ብቻሽን ነበርሽ፤ ደክሞሽ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩሽም» አላለችም። ሌላዋም «ለእማዬ ብለሽ ሁለት ሥራ እየሠራሽ እንቅልፍሽን አጥተሽ ነበር፤ እኔ ግን በቀላሉ የመጣ ገንዘብ አስመሰልኩት» አላለችም። እያንዳንዳቸው የደከሙበትን ነገር ያየላቸው ሰው አልነበረም። ይህን ለማለት የዓመታቱን መዝገብ አንድ በአንድ መበርበር አያስፈልግም ነበር። ግን ጭራሽ ሳይነሳ ደግሞ አይሆንም።

የዮሴፍን ነገር ጸሐፊው ባያነሱት ይሻላቸው ነበር፤ ታሪኩ የሚመሰክረው በሳቸው ላይ ነውና። ዮሴፍ ወንድሞቹን እንዳያቸው «ያለፈው አለፈ» ብሎ አላቀፋቸውም። ማንነቱን ደብቆ ቆየ። በወንድማቸው ላይ የሠሩትን ክፋት እርስ በርስ ሲናዘዙ ሰማ፤ ዞር ብሎም አለቀሰ። ከዚያ በታናሹ በብንያም ፈተናቸው። ጥንት ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይሁዳ፣ አሁን «በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ቆመ። ዮሴፍ መታገስ ያቃተው ያኔ ነው። ራሱን ሲገልጥም የሸጡት እነሱ መሆናቸውን ሳይደብቅ ነው፤ ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ ነኝ አላቸው። በደሉ ተነግሯል፤ ምሕረቱም ከዚያው ጋር መጥቷል። እንዲያም ሆኖ አባታቸው ሲሞት ወንድሞቹ «አሁን ይበቀለናል» ብለው ፈሩ። እንዲያ ባለ እርቅ እንኳን መተማመን ለመመለስ ዓመታት ከፈጀ፣ በአንድ ከሰዓት የተሳሳሙ ሰዎች ቢሻክሩ ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው የያዙት አንድ ቁምነገር አለ፤ ሊታለፍ አይገባም። ፒልመር ተቆራርጠው የታረቁ ሰዎችንም አነጋግረው ነበር። ብዙዎቹ የታረቁት ሌላው ወገን ያለፈውን በእነሱ ዓይን እንዲያይ መፈለጋቸውን ሲተዉ ነው። «እንዲህ አድርገሽኛል፤ አዎ በይ» የሚለውን ሙግት ትተውታል። ይህ እውነት ነው፤ ከባድም እውነት ነው። አባትህ በሰባ ዓመታቸው የልጅነትህን ታሪክ አንተ በምታስታውሰው መንገድ ላያስታውሱት ይችላሉ። እስኪያስታውሱት ልጠብቅ ካልክ ላታገኛቸው ትችላለህ።

ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ምንም እንዳልሆነ አልሆኑም። ስለ ትናንት መስማማት ሲያቅታቸው ስለ ነገ ተስማሙ። «ስለ ባለቤቴ ክፉ ከተነሳ፣ በዚያ ቀን ተነስቼ እሄዳለሁ፤ በሌላ ቀን ደግሞ እመጣለሁ» ይላል አንዱ። «ገንዘብ አላበድርህም፤ ቡና ግን አብሬህ እጠጣለሁ» ትላለች ሌላዋ። በዚህ ላይ የቆመ ግንኙነት ጠባብ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱም ድንበሩን ያውቁታል። «ያለፈው አለፈ» በሚለው ላይ የቆመው ግን ያው የድሮው ግንኙነት ነው፤ የድሮው ደግሞ የት እንዳደረሳቸው አይተናል።

ስለ ይቅርታ አጠያየቅም አንድ ነገር ልጨምር። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አፍ ላይ አለ። ስትሰማው ደስ አይልም፤ ለምን እንደሆነም ወዲያው አይገባህም። ጥፋቱን ትቶ ቅያሜሽን ነው ጥፋት የሚያደርገው። ተመራማሪው ሮይ ሌዊኪና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ከ700 በላይ ሰዎች የይቅርታን ስድስት ክፍሎች እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሰጡት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ መቀበልን ነው። ቀጥሎ የመጣው የተበላሸውን አስተካክላለሁ ማለት ነው። ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያገኘው «ይቅር በለኝ» የሚለው ልመና ነበር። ጥናቱ በሥራ ቦታ ጉዳይ ላይ ስለነበር እንዳለ ወደ ቤት አልወስደውም። ቢሆንም ቤት ውስጥ የማየው ከዚህ አይለይም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከልመናው ነው፤ የምንጨርሰውም እዚያው ላይ ነው።

«ይቅር ያለ ሰው ይመለሳል» እና «ዘመድ በምንም ምክንያት አይቆረጥም» የሚሉትን አብሬ ልመልስ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ይጎዳሉ።

ቂም ይዞ መኖር ያዡን እንደሚበላው እስማማለሁ፤ ተረቱም ልክ ነው። ነገር ግን ቂምን ለመተው አንድ ሰው ይበቃል። አብሮ ለመኖር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የበደለሽ ሰው ቢሞት እንኳን ልብሽን ልታጸጂ ትችያለሽ፤ መታረቅ ግን አትችይም። ያዕቆብና ዔሳው ታርቀው አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። ዔሳው «አብረን እንሂድ» ሲለው ግን ያዕቆብ ሰበብ ሰጥቶ ቀረ፤ አንዱ ወደ ሴይር ሄደ፣ ሌላው ወደ ሱኮት። እርቃቸውን የውሸት ያለ ሰው አላውቅም።

ክፉኛ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው «በምንም ምክንያት» ብለዋል። እስቲ ይህን ቃል በልጅነቷ በአጎቷ የተደፈረች ሴት ስታነበው አስቡት። ባሏ የሚደበድባት ሴት ስታነበውስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀምስ መክኑልቲ አዲስ ተጋቢዎችን ለአራት ዓመታት ተከታትሎ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ቶሎ ቶሎ ይቅር የሚሉት ሰዎች የትዳር ጓደኛቸው ኃይለኛነት በዓመታቱ ውስጥ አልቀነሰላቸውም። እንደነሱ ቶሎ ይቅር በማይሉት ዘንድ ግን እየቀነሰ ሄደ። ይቅር አትበሉ ለማለት አይደለም። ግን «ታገሺ፣ ተመለሺ» ብሎ የሚልካት ሰው፣ የሚጠብቃትን ዱላ እሱ አይቀምሰውም። እንዲህ ላለው ሰው መራቅ ሕይወቱን ማትረፊያ ነው። ሊመለስ ቢፈልግ እንኳን መጀመሪያ የሌላው ሰው ጠባይ በእርግጥ መለወጡ መታየት አለበት፤ ያውም ብዙ ጊዜ፣ በተግባር። ጸሐፊው ይህን የሚክዱ አይመስለኝም። እንደዚህ ያለ ሰው ያነበዋል ብለው ያሰቡ ግን አይመስለኝም። ያነበዋል።

የቀረው «ታናሹ ይጀምር» የሚለው ነው። አንድ ሰው መጀመር አለበት በሚለው እስማማለሁ፤ ሁለቱም ሲጠባበቁ ዕድሜ ያልቃል። ብዙ ሰው «ብደውል ምን ትለኛለች?» እያለ ይፈራል። በተመራማሪዋ በፔጊ ሊዩ መሪነት የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሰዎች ሳይታሰብ ለጠፋ ወዳጃቸው መልእክት ሲልኩ፣ ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታ አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይቷል። የተጠኑት የተጣሉ ሰዎች አልነበሩም። ቢሆንም ፍርሃታችን ብዙ ጊዜ ከእውነታው እንደሚበልጥ ይጠቁማል።

ታናሽ መሆን ግን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? መጀመር የሚገባው አቅም ያለው ነው። በወላጅና በልጅ መካከል ብዙ ጊዜ አቅሙ የወላጅ ነው፤ ልጁ ሲያድግ በሩን የከፈተውም የዘጋውም ወላጅ ነበር። አባት ቀድሞ ሲደውል ልጁ ውስጥ የሚፈርሰው ግድግዳ፣ ልጅ ቀድሞ ሲደውል ከሚፈርሰው ይሰፋል። «ታናሽ ይቅደም» ያልነው እንደሆነ የበደለው ታላቅ ቁጭ ብሎ ይቅርታ ሊቀበል ይጠብቃል፤ የተበደለው ደግሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ይሄዳል። እንዲህ ሲታረቁ ያየኋቸው ሰዎች ተመልሰው ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

ለሚጀምር ሰው፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ የመጀመሪያዋ መልእክት አጭር ብትሆን ይሻላል። የዓመታቱን ሁሉ አትሸከምም። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሰላም ነሽ? በእማዬ ሕመም ጊዜ ብቻሽን እንደተውኩሽ ገብቶኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማውራት በፈለግሽ ጊዜ አለሁ፤ ካልፈለግሽም ይገባኛል።» ውስጧ «ግን አንቺም…» የሚል የለባትም። መልስ ካልመጣ በየቀኑ አለመደወል፤ ልጆቿን ወይም ባሏን አማላጅ አድርጎ አለመላክ። ወራት ቆይቶ እንደገና አንዲት አጭር ሰላምታ መላክ ይቻላል። «አትደውልልኝ» ካለች ደግሞ አለመደወል፤ ስልክ ቁጥርን ግን አለመቀየር።